ለብርድ ጊዜ የጀነሬተር ቤንዚን፦ ስንት ይበቃል፣ የት ይቀመጥ?

ዳላስና አካባቢዋ ያላችሁ ፌብሩዋሪ 2021ን አትረሱትም። ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገባ፣ መብራት ሄደ፣ ሄዶም ቶሎ አልመጣም። ጀነሬተር ያለን ሰዎች መጀመሪያ ተመስገን አልን። በሁለተኛው ቀን ቤንዚኑ አለቀ። ማደያ ስንሄድ እዚያም መብራት የለም፣ ያለ መብራት ደግሞ ፓምፑ አይሠራም። ነዳጁ መገዛት ያለበት ብርዱ ሳይመጣ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። የጀነሬተራችሁን መመሪያ አውጡና በግማሽ ጭነት (የአቅሙን ግማሽ ሲሠራ) በሰዓት ስንት ቤንዚን እንደሚበላ እዩ። በሰዓት ግማሽ ጋሎን ነው እንበል። ቀንና ሌሊት ከለቀቃችሁት በ3 ቀን 36 ጋሎን ይጨርሳል። ይህን ያህል ቤት ውስጥ አታከማቹም፤ በብዙ ቦታ የእሳት አደጋ ደንቡ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቅደው 25 ጋሎን ገደማ ነው፣ የከተማችሁን ጠይቁ።

ግን 24 ሰዓት ማስነሳት ለምን ያስፈልጋል? ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት። ጠዋት ለ3 ሰዓት ያህል፣ ቀን ለ2፣ ማታ ለ3 ሰዓት ያህል አስነሱት፤ ስልክ ቻርጅ የሚደረገውም ቤት የሚሞቀውም በዚያው ሰዓት ይሁን። በቀን 4 ጋሎን ሆነ ማለት ነው። አራት ባለ 5 ጋሎን ጀሪካን ከ4 ቀን በላይ ያደርሳችኋል።

ጀሪካኑ ቀይ ይሁን፣ ቀይ የቤንዚን ነው፤ ቢጫ የናፍጣ፣ ሰማያዊ የላምባ። ማደያ ላይ ስትሞሉ መኪናው ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት አስቀምጣችሁ ሙሉ፣ ምክንያቱም የመኪናው ምንጣፍ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እስከ አፉም አትሙሉት፣ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል። ባለ 5 ጋሎኑ ሲሞላ 14 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ባለ 2 ጋሎን ግዙ።

የሚቀመጠው ከቤቱ በተለየ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። የውሃ ማሞቂያ ያለበት ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ የማሞቂያውን እሳት ያገኘዋል።

ቤንዚን ያረጃል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ወር በኋላ መልኩ ይጠቁራል፣ ሽታው እንደ ቫርኒሽ ይሆናል፣ ካርቡሬተሩን ይደፍነውና ጀነሬተሩ በሚያስፈልግበት ሌሊት ገመዱን ብትስቡ ብትስቡ አይነሳም። ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን ስታቢላይዘር (ቤንዚን ቶሎ እንዳያረጅ የሚያደርግ ፈሳሽ) ጨምሩበት፣ ጀሪካኑ ላይ በማርከር ቀኑን ጻፉ፣ በየ3 ወሩ የመኪናችሁ ታንክ ውስጥ ገልብጡትና በአዲስ ተኩት። እንዲህ ስታደርጉ ምንም አይባክንም።

ጀነሬተራችሁ በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ፕሮፔን አያረጅም። ግን በኃይለኛ ብርድ ትንሹ ሲሊንደር ግፊቱ ይወርዳል፣ እሱም ውጭ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ቤንዚን የምትጨምሩት ጀነሬተሩን አጥፍታችሁ፣ እስኪበርድ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ነው። ብርዱ ያጣድፋችኋል፣ ቢሆንም ጠብቁ። ጀነሬተሩ ራሱ ደግሞ ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ፣ ጭሱ ወደ በርና መስኮት ሳይዞር ይቁም። ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ አታስነሱት። በዚያ የ2021 ብርድ ሳምንት ቴክሳስ ውስጥ ሙቀት ፍለጋ ብለው በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ጭሱ ውስጥ ባለው መርዛማ ጋዝ፣ ያለቁ ሰዎች አሉ፤ ጋዙ ሽታም መልክም የለውም። መኝታ ክፍል አጠገብ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ዛሬ ማታ ተጫኑት፤ ካልጮኸ ባትሪውን ቀይሩ።