የድሮ ቤላሩስ ትራክተር የዘይት ግፊቱ ሲወርድ እንዴት ይፈተሻል?

የጌጁ መርፌ ወደ ታች ሲወርድ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ። "ይቺን ትልም ልጨርስ" ብሎ ነገር የለም፤ ያለ ዘይት የዞረ ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሒሳቡን ቶርኖ ቤት ነው የሚያስከፍልህ።

የምጽፈው ስለ ቤላሩስ ኤም ቲ ዜድ 80 ነው። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ዛሬም በድሬዳዋ ዙሪያ፣ ወደ ፈዲስና ባቢሌም ስትወርድ፣ እያረሰ ታገኘዋለህ። ሞተሩ ዲ 240 ሞቆ በሥራ ፍጥነት ሲዞር ግፊቱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ (በባርም ያው ነው ማለት ይቻላል) መሆን አለበት፤ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጠው ሲዞር፣ ከ0.8 መውረድ የለበትም። ማሲ ፈርጉሰን ያለህ አካሄዱን ተከተል፣ ቁጥሩን ግን ከራሱ መጽሐፍ ውሰድ።

1. ዘይቱን እይ፣ አሽትትም

ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁምና ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ጠብቅ። ደንገጎ ዳገት ላይ ቆሞ የተለካ ዘይት ልክ አይደለም። ጎድሎ ከሆነ ሙላና የሚያፈስበትን ፈልግ።

ከመጠኑ በላይ ከሆነ ግን ደስ አይበልህ። ማንም ሳይጨምርበት የበዛ ዘይት ብዙ ጊዜ ናፍጣ ገብቶበታል ማለት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አሳርፍ፤ ናፍጣ ካለበት ከጥቁሩ ነጥብ ውጭ የሳሳ ቅባታም ክብ ይዘረጋል፣ ሽታውም ይነግርሃል። ምንጩ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ያረጀ የናፍጣ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። እሱን ሳትጠግን አዲስ ዘይት ብትሞላ ገንዘብህን ነው ያፈሰስከው።

2. ጌጁን በጌጅ መርምር

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) አላግባብ የሚወርደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የድሮ ጌጅ ይዋሻል፤ ወደ እሱ የሚሄደው ቀጭን ቱቦም በቆሻሻ ይደፈናል ወይም ይጨፈለቃል። ጥርሱ የሚገጥም፣ እስከ 10 ባር የሚያነብ ሜካኒካል ጌጅ ግዛ፤ ብርሃን ብቻ የሚያበራ መሣሪያ አያስፈልግህም።

ልኬቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሚኒሞ፣ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ፣ ሞቆ በሥራ ፍጥነት። "ሞቆ" ስል ራዲያተሩ ስለሞቀ አይደለም፤ ውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ዘይቱ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ስለዚህ አዲሱ ጌጅ ግፊት እንዳለ ካሳየህ ማረሻውን አስገብተህ በጭነት አሠራው፤ መርፌው ዜሮ ላይ ከሆነ ግን አጥፋው። ሐረር ላይ በጠዋቱ ብርድ 3 ኪሎ ያነበበ ትራክተር ድሬዳዋ በቀትር ግማሹን ሊያሳይህ ይችላል፤ ሁለቱን እያነጻጸሩ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። መካኒኩም ሙቁን ልኬት ከበርጫ በፊት ይጨርስልህ፣ ከዚያ በኋላ ነገ ነው።

አሁን ንባቡን እይ። ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ከወደቀ፣ ወይ ዘይቱ ቀጥኗል ወይ የኮሎና የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚኖች፣ ማለትም ኮሎው የሚዞርባቸው ስስ ሽፋኖች፣ ተበልተው ክፍተቱ ሰፍቷል። ቀዝቅዞም ሞቆም እኩል ዝቅ ያለ ከሆነ የግፊት ማስተካከያ ቫልቩን፣ የዘይት ፓምፑንና ኮፓው ውስጥ ያለውን የመሳቢያ ወንፊት ጠርጥር። ግፊቱ ዘግይቶ የሚመጣ፣ መርፌውም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፤ የመሳቢያ ቱቦው መጋጠሚያ ወይም ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ለቋል።

3. ማጣሪያውና ቫልቩ

ይህ ሞተር ዘይት የሚያጣራው በዘይቱ ግፊት በሚሽከረከር ሴንትሪፉጋ ነው። የሞቀውን ሞተር አጥፍተህ ጆሮህን ጣል፦ ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ከ30 እስከ 60 ሰከንድ እያፏጨ መዞር አለበት። ዝም ካለ ፍታው፣ በውስጡ የጋገረውን ጥቁር ጭቃ በእንጨት ፍቀህ አውጣ። ጭቃው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካየህ ብሮንዚኑ እያለቀ ነው። ስትገጥም ክዳኑና አካሉ ላይ ያሉት ምልክቶች ይግጠሙ፤ ካልገጠሙ ሮተሩ ሚዛኑን ያጣል።

የግፊት ማስተካከያ ቫልቩም እዚያው ቤት ላይ ነው። ከመፍታትህ በፊት ቦታውን ምልክት አድርግበት። አውጥተህ በናፍጣ እጠበው፣ ሞላው እንዳልተሰበረና መቀመጫው ላይ ቆሻሻ እንዳልተጋገረ እይ። በካቻቢቴ ትንሽ ማጥበቅ ይቻላል። ግን አቦ፣ አጥብቀህ አጥብቀህ መርፌው ስለወጣ ተፈወሰ አትበል፤ ያለቀ ፓምፕ በቫልቭ አይታደስም። ለዘይት ራዲያተሩ የተሠራውን ቫልቭ ግን ጨርሶ አትንካው።

ወፍራም ዘይት መጨመርም እንደዚሁ ነው፤ ትራክተሩን ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ዘዴ ነው። ስትገዛ ሞተሩን አሙቀህ ካልለካህ መርፌውን አትመን።

4. ኮፓውን ማውረድ

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ። ወንፊቱን እጠብ፣ የመሳቢያ ቱቦውን ጓርኒሲዮን ቀይር፣ ፓምፑን ፈትተህ የጊሮቹንና የቤቱን መበላት እይ። ብሮንዚን ለመለካት ማይክሮሜትርና የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ከሌለህ ለባለሙያ ስጥ። ኮሎው ሳይለካ አዲስ ብሮንዚን የሚገጥምልህን ግን ሽሸው።

ፓምፑን መልሰህ ስትገጥም ውስጡን በንጹሕ ዘይት ሙላው፤ ደረቅ ፓምፕ ዘይት መሳብ ያቅተዋል። ከዚያ ናፍጣውን ዘግተህ ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አዙረው፣ እያረፍክ፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል። መርፌው ከዜሮ ሲነሳ ያኔ ናፍጣውን ክፈት።