ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ አልወጣ ሲሉ፦ የቆጥ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዶሮ ቀኑን ሙሉ መሬት ስትጭር ትውልና ሲመሽ ከፍ ያለ ቦታ ትፈልጋለች። ተፈጥሮዋ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ያስቸገረች ዶሮ ካለች መኖውን ከመቀየራችሁ በፊት ቆጡን ተመልከቱ።

የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጓሮው ውስጥ አምስትም አሥርም ዶሮ የያዘ ሰው በዝቷል። ለቤቱ ቆርቆሮና ወንፊት ሽቦ በደንብ ይገዛል። ለቆጡ ግን ከግንባታ የተረፈች አጠና ጥግ ላይ ይሰነቅራል። ዶሮዋ የምታድረው እዚያች እንጨት ላይ ነው፣ በቀን 12 ሰዓት ያህል። ሊታሰብበት ይገባል።

መሬት ላይ ያድራሉ

ይሄ በተለይ ሳሶ ወይም ቦቫንስ የሚባሉትን የውጭ ዝርያዎች በ45 ቀናቸው ገዝተው ባመጡ ሰዎች ቤት ይታያል። ጫጩቶቹ ያደጉት ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ያለ እናት ነው። ቆጥ ላይ የሚያወጣቸው አልነበረም። ስለዚህ አስተምሯቸው። መጀመሪያ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ እንጨት አድርጉላቸው። ሲመሽ አንድ በአንድ አንሥታችሁ አስቀምጧቸው። ዶሮ በጨለማ ደህና አድርጋ ስለማታይ ያስቀመጣችኋት ቦታ ታድራለች። ለጥቂት ቀናት ይሄን ካደረጋችሁ አንዷ ትለምድና ሌሎቹ ይከተሏታል።

ለምደውም የማይወጡ ከሆነ ቆጡ በጣም ከፍ ብሎባቸዋል ማለት ነው። የሀበሻ ዶሮ ቀላል ናት፤ አንድ ሜትር ቢሆንም ትዘላለች። ሳሶ ግን ከባድ ናት። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃታል። ከዚያ በላይ ከሆነ መሰላል አስጠጉላት። ከቆጡ ፊት ለፊትም ቢያንስ የከፍታውን ያህል ባዶ ቦታ ተዉ። ዶሮ ስትወርድ አየር ላይ ትንሽ ሄዳ ነው የምታርፈው፤ ቦታ ካጣች ግድግዳው ወይም የውሃ መጠጫው ላይ ትወድቃለች።

ይወጡ የነበሩት በድንገት እምቢ አሉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሲመሽ በር ላይ ቆመው ያመነታሉ። ገብተውም ሲገላበጡና ሲነካከሱ ያድራሉ። ኩክኒያቸው (አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ይገረጣል፣ እንቁላል ይቀንሳል። ባለቤቱ ቀን ላይ ዶሮዋን ይዞ ላባዋን ቢገላልጥ ምንም አያገኝም። ከዚያ ቫይታሚን ይገዛል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቀይ ቅንቅን ነው። ይሄ ተባይ ቀን ዶሮዋ ላይ አይውልም። እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ በቅርፊቱ ሥር፣ በሚስማር ቀዳዳና ቆጡ ግድግዳውን በሚነካበት ጫፍ ተደብቆ ይውላል። ማታ ወጥቶ ደሟን መጥጦ ይመለሳል። ለማረጋገጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በስልክ መብራት ግቡ። ነጭ ሶፍት ይዛችሁ የቆጡን የታችኛውን ገጽ፣ በተለይ ጫፎቹን ጥረጉ። ሶፍቱ ላይ ቀይ የደም ጭረት ከወጣ አለ ማለት ነው። ቀን ላይ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ዙሪያ አመድ የተነሰነሰ የመሰለ ግራጫ ነገር ታያላችሁ።

መፍትሄው ጉልበት ይጠይቃል። ቆጡን ነቅላችሁ አውጡ። ቅርፊት ያለው ከሆነ ልጣችሁ ቅርፊቱን አቃጥሉ። እንጨቱንም ግድግዳውንም በደንብ ፈግፍጉ፣ ስንጥቁ ውስጥ እስኪገባ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይዋል። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ በመጀመሪያው ያመለጠ እንቁላል ተፈልፍሎ ይጠብቃችኋል። ሶፍቱ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ አትተዉት። ዶሮዎቹ በአመድ መታጠባቸው ለቅማል ይረዳል፤ እንጨት ውስጥ የተደበቀውን ግን አይነካውም። ቤቱን ለጥቂት ሳምንት ባዶ መተውም አይበቃም፤ ቅንቅን ሳይበላ ወራት ይቆያል። ካልጠፋ የእንስሳት ሐኪም ለዶሮ የተፈቀደ መድኃኒት ይዘዝላችሁ። የበረሮ መርዝ ግን በፍጹም አትርጩ። ዶሮዋ ትተነፍሰዋለች፣ እንቁላሉን ደግሞ ልጆቻችሁ ይበሉታል።

ለዚህ ነው ቆጥን በሚስማር አትምቱ የምለው። ግራና ቀኝ ጎድጎድ ያለ የእንጨት መቀመጫ ሠርታችሁ ቆጡን እላዩ ላይ ብቻ አሳርፉት፤ እንዳይሽከረከር ጥብቅ ብሎ ይግባ። በአንድ እጅ ተነሥቶ የሚወጣ ቆጥ ይጸዳል። የተቸነከረ ቆጥ አይጸዳም።

እንቁላል መጣያ ሳጥን ውስጥ ያድራሉ

ሳጥኑ ከቆጡ እኩል ነው ወይም ይበልጣል። ዶሮ ከፍ ያለውን ትመርጣለች። ሳጥኑን ዝቅ አድርጉ፤ ቆጡ ቢያንስ በ30 ሳንቲ ሜትር ይብለጠው። እስኪለምዱ ድረስ ሲመሽ የሳጥኑን አፍ ዝጉ፣ ጠዋት በማለዳ ክፈቱ። ካልሆነ እንቁላላችሁ ሁልጊዜ ኩስ የነካው ይሆናል።

ሲመሽ ይጣላሉ፣ ጠዋት ጀርባቸው ኩስ ነው

ቆጡ እንደ ደረጃ ከሆነ ሁሉም የላይኛዋን እንጨት ይፈልጋል። ጉልበተኛዋ ትወስዳለች፣ ደካማዋ ከሥር ሆና ይወርድባታል። ሁሉንም እንጨት እኩል ከፍታ ላይ አድርጉ። ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቦታ ስጡ፤ ለአሥር ዶሮ 2 ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። በእንጨቶቹ መካከል 35፣ ከግድግዳው ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ጭራቸው ግድግዳ ሲነካ አይመቻቸውም።

ያነክሳሉ፣ እግራቸው ሥር አብጧል

ዶሮዋን ገልብጣችሁ መዳፏን እዩ። መሃሉ ላይ ጥቁር ቅርፊትና እብጠት ካለ ቁስሉ መግል ይዟል። ስንጥር፣ ስለታም ጠርዝ ወይም ከከፍታ ሲሚንቶ ላይ መዝለል ያመጣዋል። ያበጠውን ሐኪም ይየው። እናንተ እንጨቱን አስተካክሉ። የተላገ 5 በ7 ሞራሌ ምረጡ፣ ሰፊው ጎኑ ወደ ላይ ይሁን፣ ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጉ። ሰፊ የሆነበት ምክንያት አለው፦ ዶሮዋ እግሯን ዘርግታ ስትተኛ የሆዷ ላባ ጣቶቿን ይሸፍናል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አትጎዳም። አጠና ከሆነ ቅርፊቱ ይላጥ፣ ውፍረቱም ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የብረት ቱቦ ይቀዘቅዛል፣ የፕላስቲክ ቱቦ ያንሸራትታል፤ ሁለቱም ይቅሩ። ከሥሩ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ።

እንጨቱ መሃሉ ላይ ከጎበጠ ከሥሩ ድጋፍ ስጡት። በቃ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል

ከኩሳቸው ግማሽ ያህሉ የሚወርደው ሌሊት፣ ቆጡ ሥር ነው። እዚያ ጣውላ ዘርግታችሁ አመድ ነስንሱበትና በየሁለት ቀኑ ጥረጉት፤ ለጎመን መደብ የሚሆን ማዳበሪያም ይወጣችኋል። ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ በፌስታል የሚወትፍ ሰው ዶሮዎቹን የሚጎዳው በአሞኒያ ነው። ዶሮን የሚያሳምማት ሌሊቱን በጀርባዋ ሲነፍስባት የሚያድር ነፋስ እንጂ ንጹሕ አየር አይደለም። ከጭንቅላታቸው በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ሁለት ጎን ክፍት ይሁንና ሸለምጥማጥ በማያሳልፍ ጠንካራ ወንፊት ይሸፈን። ከዚያ በታች፣ ቆጡ ባለበት ከፍታ ያለው ግድግዳ ግን ድፍን ይሁን።