ከጠጠር የሌዘር ሕክምና በኋላ፦ ስቴንት፣ ደምና ትኩሳት

የኩላሊት ወይም የሽንት ቱቦ ጠጠር በሽንት ቧንቧ በገባ ቀጭን መሣሪያ በሌዘር ተሰባብሮ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት እስከ ሽንት ፊኛ የሚደርስ ለስላሳ ቱቦ ይቀመጣል። ስቴንት የሚባለው ይኸው ነው። ቤት ከገቡ በኋላ የሚያስመርረው አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ከእሱ ነው፤ የታችኛው ጫፉ ፊኛውን ስለሚነካካ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያጣድፋል፣ ያቃጥላል። ሲሸኑ ጎንን የሚወጋው ደግሞ ፊኛው ሲጨመቅ ሽንቱ በቱቦው ወደ ኩላሊት ስለሚመለስ ነው። ሽንት ይዞ አለመቆየት ሕመሙን ያቀለዋል። የስቴንቱን ሕመም የሚያቀለው ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት ከታዘዘ ሊያዞር ስለሚችል ከአልጋ ቀስ ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ኩላሊቱ ለደከመ፣ የጨጓራ ቁስለት ላለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሆንም።

ስቴንቱ እስካለ ድረስ፣ በተለይ ብዙ ከተራመዱ በኋላ፣ ሽንቱ ሮዝ ቢመስል አያስደነግጥም። አረፍ ብሎ ውሃ መጠጣት ነው፤ በቀን 2.5 ሊትር ገደማ (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ)። ሽንቱ ድፍን ቀይ ከሆነ፣ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ጠጠሩ በጀርባ በኩል በተበሳ ቀዳዳ የወጣለት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ የተጎዳ የደም ሥር ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላም ድንገት ሊደማ ስለሚችል ሐኪሙ ሳይፈቅድ ከባድ ዕቃ አያንሳ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ትኩሳት ነው። በጠጠሩ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ጠጠሩ ሲሰበር ይለቀቃል፤ በሕክምናው ጊዜ የሚረጨው ውሃ ግፊትም ወደ ደም ሊያስገባው ይችላል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ወይም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ እስኪነጋ መጠበቅ አደገኛ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ስለሚደብቅ ከመዋጥ በፊት ይለኩ።

ስቴንቱ የሚወጣበትን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ነው። ሕመሙ ሲለምድ መርሳት ይመጣል፣ ወራት ሲቆጠሩ ቱቦው ራሱ ጠጠር ያበቅላል፤ ያኔ ለማውጣት ሌላ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ነው። ከስቴንቱ ጫፍ ወደ ውጭ የወጣ ክር ከተንጠለጠለ ሳይነገርዎ አይጎትቱ።

ስቴንቱ ከወጣ በኋላ ጎን ለአንድ ቀን ያህል ሊወጋ ይችላል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ግን ምንም ባያምም አልትራሳውንድ መነሳት ይገባል፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቱቦ ጠባሳ አውጥቶ ከጠበበ ኩላሊቱ ያለ አንዳች ሕመም ሊያብጥ ይችላልና።