ቱ ስትሮክ ሞተር ከጀሪካኑ ይሞታል፦ ዘይትና ቤንዚን ስንቀላቅል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ ባህር ዛፍ ያለው ሰው ሁሉ ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) ያለው ሰው ያውቃል። ቼንሶ ያለው ደግሞ ፒስተን የነከሰበት ጓደኛ አያጣም። ጥፋቱ ሁልጊዜ በማሽኑ ይላከካል። «የቻይና ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይባላል። እኔ ያየኋቸው ግን አብዛኞቹ የሞቱት ከጀሪካኑ ነው።

የመኪና ሞተር ዘይቱን ከሥሩ ይዞ ይዞራል። እንደ ቼንሶ ያለ ቱ ስትሮክ ሞተር ይህ የለውም። ፒስተኑም፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ኩሽኔታውም የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባው ዘይት ነው። ቼንሶ ደግሞ በደቂቃ ከ12,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ዘይት ያነሰ ቀን ምሕረት የለውም።

ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብ

ይሄ የስህተቶች ሁሉ አውራ ነው። ማሽኑ ላይ 50፡1 ተጽፏል። ሰውየው ለ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨምራል። ትርጉሙ ግን 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፤ ለ1 ሊትር የሚደርሰው 20 ሚሊ ብቻ ነው። ይሄኛው ማሽን ወዲያው አይሞትም። ያጨሳል፣ ካንዴላው (እሳት የሚያስነሣው) ይረጥባል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በጥላሸት ይደፈናል።

የሚያሳዝነው ባለ 25፡1 ማሽን የያዘው ነው። 25 ሚሊ ይጨምራል፤ የሚያስፈልገው ግን 40 ነው። ከሲሶ በላይ ቀርቷል ማለት ነው። የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ ይበዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1,000ን ለቁጥሩ አካፍሉ። 40፡1 ከሆነ 25 ሚሊ፣ 30፡1 ከሆነ 33 ሚሊ ለአንድ ሊትር። 5 ሊትር ጀሪካን በ50፡1 100 ሚሊ ይወስዳል።

የጎረቤትን ቁጥር መዋስም አያዋጣም። የእሱ ቼንሶ በ50፡1 ስለሠራ የእናንተ መድኃኒት መርጫ በዚያው ይሠራል ማለት አይደለም። ክዳኑን ወይም መመሪያውን እዩ።

በክዳንና በሲኒ መለካት

«ሁለት ክዳን ለአንድ ሃይላንድ» ሲባል ሰምታችኋል። የምኑ ክዳን? የትኛው ሃይላንድ፣ ግማሽ ሊትሩ፣ አንድ ሊትሩ ወይስ ሁለት ሊትሩ? ሲኒውም ያው ነው። የእናቴ ሲኒና የጎረቤታችን ሲኒ ቡና እንኳ እኩል አይይዙም።

ፋርማሲ ሂዱና 20 ሚሊ የሚይዝ ሲሪንጅ ግዙ። አንዴ ሞልታችሁ ከሳባችሁ የ50፡1 የአንድ ሊትር ልክ እጃችሁ ላይ ነው። በቀለም የሚገምቱም አሉ። «ሰማያዊ ካለ በቃ» ይላሉ። ቀለሙ ዘይቱ ውስጥ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው። ዘይት መግባቱን ይነግራችኋል፤ መጠኑን አይነግራችሁም።

የባጃጅ ዘይት መጨመር

«ዘይት ዘይት ነው፣ አብሽር» የሚል ሻጭ አይጠፋም። የዛሬዎቹ ባጃጆች ፎር ስትሮክ ናቸው፤ እንደ መኪና ዘይቱን ለብቻው ይይዛሉ። ዘይታቸው እንዲቃጠል አልተሠራም፤ ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ ካንዴላና ፋሻ ላይ ይጋገራል። ዕቃው ላይ 2ቲ የሚል ፈልጉ፤ 4ቲ ከሆነ መልሱት። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚጨምር ሰው ካለ ደግሞ ማሽኑን ቢሸጠው ይሻለዋል።

ታንከሩ ውስጥ መቀላቀል

ዘይቱን በቀጥታ ታንከር ውስጥ አፍስሶ ቤንዚን መድፋት አይሆንም። በደንብ ሳይዋሐድ ገመድ ይሳባል። በጀሪካን ግማሹን ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ መወዝወዝ፣ ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን። ከመቅዳታችሁ በፊት እንደገና ወዝውዙ። ከሰል ከሚነድበት ግን ራቁ። ቡና እየተፈላ በረንዳ ላይ ሲቀላቅሉ አይቼ ሮጬ ወጥቻለሁ።

የከረመ ድብልቅ

ለሰኔ የተቀላቀለውን ለጥቅምት አትጠቀሙበት። ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ ቀሪው ካርቡራተር ውስጥ እንደ ሙጫ ይይዛል። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሚበዛ ይፈጥናል። በወር ውስጥ የምትጨርሱትን ብቻ ቀላቅሉ፤ ጀሪካኑ ላይም ቀኑን ጻፉበት። ሥራ ሲያበቃ ታንከሩን አፍስሳችሁ ማሽኑ ራሱ እስኪጠፋ አስነሡት።

ጭስ ሲያዩ ዘይት መቀነስ

አጎቴን ያስከፈለው ይሄ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ባህር ዛፍ ይቆርጣል። ቼንሶው ደሴ ላይ ያጨስበት ነበር፤ ዘይቱን ቀነሰ። ጭሱ ትንሽ ሻል አለ፤ ደስ አለው።

ነገሩ ከዘይቱ አልነበረም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማሽኑ ይጨሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። መፍትሔው የካርቡራተሯን ብሎን ማስተካከል ነው። ዘይቱ ባለበት ይቆያል።

በኋላ አንድ መካኒክ ብሎኗን ጠበቅ አደረገለት። ጭሱ ጠፋ። ዘይቱን ግን ወደ ልኩ አልመለሰውም፤ «ያለ ችግር እየሠራ ነው» አለ። በሳምንቱ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። አየሩ ወፍራም፣ ቤንዚኑ በደሴ ልክ የተቀነሰ፣ ዘይቱም ያነሰ። በቤንዚን የሳሳ ድብልቅ ሞተርን ያግላል። ከሰዓት ላይ ገመዱ አልሳብ አለ። ስንፈታው ፒስተኑ በማርሚታው በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል።

አሁን ቁልቁል ሲወርድ ሲሪንጁንና ካቻቢቴውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። ኮምቦልቻ ሲደርስ መጀመሪያ ብሎኗን ትንሽ ያላላል። የተቧጨረው ፒስተን ቤት መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ አክስቴ ብዙ ጊዜ ልትጥለው ሞክራ አልተሳካላትም።