ሐይቅ ላይ ያያችኋት ነጭ ወፍ አልለይ ስትላችሁ

«የባሕር ወፍ ወሎ ምን ትሠራለች?» ይሉኛል የደሴ ጓደኞቼ፣ ባይኖኩላሩን አንገቴ ላይ ሲያዩት። ባሕር የለንም፣ እውነት ነው። ገል የሚባሉት ወፎች ግን የሚበላ ካገኙ ጨዋማ ውሃ ካልሆነ አይሉም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው የሐይቅ ውሃ ዳር ቁሙ። በተለይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ከአውሮፓና ከሩሲያ የዚያን አገር ብርድ ሸሽተው የመጡ ሊገጥሟችሁ ይችላሉ። ጣጣው መለየቱ ላይ ነው።

«ጀርባዋ ጥቁር ነው፣ ብርቅ ወፍ አገኘሁ!»

ቆይ፣ ፀሐይዋ የት ናት? የሐይቅ ከተማም የእስጢፋኖስ ገዳምም ከውሃው በምዕራብ በኩል ስለሆኑ፣ ጠዋት ከዚያ ሆናችሁ ውሃውን ስታዩ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ናት። በዚያ ብርሃን ግራጫው ሁሉ ጥቁር ይመስላል። እኔ አንድ ቅዳሜ ረፋዱን ሙሉ «ጥቁር ጀርባ» እያልኩ ደብተር ስሞላ ቆይቼ፣ ከሰዓት ፀሐይዋ ከኋላዬ ስትዞር ያችው ወፍ አመድማ ሆና ቁጭ! ሙሉ ገጽ ሰረዝኩ።

ስለዚህ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ያኔም ጀርባዋ ጥቁር ከሆነ እግሯን እዩ። እግሯም መንቁሯም ቢጫ ሆኖ፣ ከታችኛው መንቁር ጫፍ አጠገብ ቀይ ነጥብ ካለ፣ ትንሿ ጥቁር ጀርባ ገል ልትሆን ትችላለች። ትንሿ ትባል እንጂ ርዝመቷ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ባልቲክ ባሕር አካባቢ የሚፈለፈሉት እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ይወርዳሉ።

«መጽሐፉ ላይ ጭንቅላቷ ግራጫ ነው፣ የእኔዋ ግን ነጭ ናት»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጭንቅላት ቀለም እንደ በዓል ልብስ ነው፣ ለመራቢያ ወቅት ይለበሳል፣ ከዚያ ይወልቃል። ግራጫ ራስ የምላት ገልም ሆነች ከአውሮፓ የምትመጣው ቡናማ ራስ ገል፣ ቆቡን ሲያወልቁ ጭንቅላታቸው ነጣ ብሎ ከዓይን ኋላ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ይቀራል። ሁለቱም መንቁርና እግራቸው ቀይ ነው። በቁማቸው መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል።

ጭንቅላቱን ተዉትና ዓይኗን እዩ። ያደገች ግራጫ ራስ ዓይኗ የነጣ ነው፣ አፍጥጣ የምታያችሁ ይመስላል። የቡናማ ራሷ ዓይን ጥቁር ነው። ግን የግራጫዋ ልጅም ዓይኗ ጥቁር ነው፣ እዚህ ላይ ዓይን ብቻውን ያታልላል። ክንፏን እስክትዘረጋ ጠብቁ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ እንደ ቢላ ስለት ረዘም ያለ ነጭ ካለ ቡናማ ራሷ ናት። ጫፉ በሰፊው ጥቁር ሆኖ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለና የክንፉ የታችኛው ገጽ ጠይም ከሆነ ግራጫ ራሷ ናት።

ክንፍ የሚዘረጋው ለአፍታ ነው። ስለዚህ የስልካችሁን ካሜራ ባይኖኩላሩ ላይ ደግናችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ቤት ገብታችሁ እያቆማችሁ እዩት። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ።

«ቡራቡሬና ቡናማ ናት፣ ከየትኛውም ሥዕል አትገጥምም»

ልጅ ናት። ትናንሾቹ ዝርያዎች በሁለት ዓመት ገደማ ሙሉ ልብሳቸውን ይለብሳሉ፣ ትልልቆቹ አራት ዓመት ይፈጅባቸዋል። እውነቱን ለመናገር ትልልቆቹን ቡራቡሬዎች እኔም ብዙ ጊዜ «ትልቅ ገል፣ ወጣት» ብዬ አልፋለሁ። አያሳፍርም።

«በጣም ግዙፍ ናት»

ብቻዋን ውሃ ላይ ያለች ወፍ መጠኗ ያሳስታል። አጠገቧ ግንባሯ ነጭ የሆነው ጥቁር የውሃ ወፍ እስክትመጣ ጠብቁ፣ እሷ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ገሏ እኩያዋ ከሆነች ከትናንሾቹ ናት። በጣም ከበለጠቻት፣ ጭንቅላቷም ገና በጥርና በየካቲት ከጠቆረ፣ ቢጫው መንቁር ላይ ወደ ጫፉ ጥቁር ቀለበት ካለ፣ የፓላስ ገል የምትባለውን አግኝታችሁ ይሆናል። ያኔ ደውሉልኝ!

«ነጭ ናት፣ አበራረሯ ግን ሌላ ነው»

አንገቷን አጥፋ፣ እግሯን ከጅራቷ ኋላ ዘርግታ ከበረረች ገል አይደለችም፣ ያቺው ከብት ሥር የምትውለው ነጭ ወፍ ወይም ዘመዷ ናት፣ ቦርከና ወንዝ ዳርም ቢሆን። ቀጠን ብላ ክንፏ ከሾለ፣ ውሃው ላይ እየዋለለች ጎንበስ ቀና ካለች ደግሞ ተርን የምትባለው የገል ዘመድ ናት።

«እግሯ ላይ ቀለበት አለ፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም»

አትጠጉ፣ ትነሣለች። ካላችሁበት ሆናችሁ ቅረጹ፣ ወፏ ቀለበቱን እያዞረች ስለምትራመድ ፊደሉ በየክፍሉ ይገለጥላችኋል። ቀለበቱን ተመራማሪዎች ለመለያ ያሰሩት ነው፤ ቀለሙን፣ የትኛው እግር ላይ እንደሆነና ቀኑን እዚያው ጻፉ።