ለሚጮኽና ለማይነሳ ኮምፒውተር፦ ላጲስ

ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር ማራገቢያው እየዞረ፣ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ረዘም ያለ «ጢጥ… ጢጥ…» ብቻ የሚያሰማ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱን (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) ከመወንጀላችሁ በፊት ራሙን (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን ቀጭን ካርድ) ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ወይ በደንብ አልገባም፣ ወይ ጥርሶቹ (ማዘርቦርዱ ውስጥ የሚገቡት የጠርዙ መገናኛዎች) ቆሽሸዋል።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉና ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጫኑ፤ የቀረው ኃይል ይወጣል። የኬዙን ብረት ነክታችሁ ራሙን አውጡ። ወርቃማዎቹን ጥርሶች በለስላሳ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹ፤ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ላጲሱ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን የሚያውከውን ስስ ቅባትና ቆሻሻ ያነሳል። የእስክሪብቶ ላጲስ ግን ሻካራ ስለሆነ የወርቅ ቅቡን ይልጠዋል፤ አትሞክሩት።

ስትመልሱት መያዣው «ቀጭ» እስኪል ድረስ ግፉ። አዲስ ገጣጣሚ እጁ ስለሚፈራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ራም ካላችሁ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ አስነሱ፣ ከዚያ ቀያይሩ፤ የተበላሸው ራሱን ያጋልጣል።

ድምፁ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ ግን በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የሚጠቁመው ግራፊክስ ካርዱን (ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ክፍል) ነው። የድምፁ ትርጉም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መመሪያ ገልጣችሁ አረጋግጡ።