አሜሪካን ፉትቦልን ከመጽሐፍ ለመማር፦ ከየትኛው ይጀመር?

ባሕር ዳር ላይ ኳስ ሲባል የሚታወቀው አንድ ጨዋታ ነው፤ የስታዲየሙ ጩኸትም፣ የሰፈሩ ሜዳም፣ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የሚነሣው ክርክርም የዚያው ነው። ስለዚህ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ለማወቅ የፈለገ ሰው አብሮት የሚመለከትና ሲሳሳት የሚያርመው ጓደኛ በቀላሉ አያገኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ሱፐር ቦውልን፣ የዓመቱን የሻምፒዮና ፍጻሜ ጨዋታ፣ አብረን እንድናይ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሶኝ ነበር። እስኪነጋ ድረስ ተቀምጬ ያየሁት ግን ሰው በሰው ላይ ሲከመር ብቻ ነው። ሲመለስ አንድ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ፤ ጨዋታው የተገለጠልኝ በዚያ መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱንም ቆይቼ ተረዳሁት። የቴሌቪዥን ካሜራ የሚከተለው ኳሱን ሲሆን፣ ይህን ጨዋታ የሚወስኑት ደግሞ በአብዛኛው ኳሱን ያልያዙት ሰዎች ናቸው። እነርሱን ቀርቦ የሚያሳየው ጥሩ መጽሐፍ ነው። ከዚህ በታች የምመክራቸውን መጻሕፍት የመረጥሁትም በዚህ መለኪያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከማንበብዎ በፊት የሚያስፈልግዎ እውቀት ጥቂት ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሜዳው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ይረዝማል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከተሳካለት ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፣ ካልተሳካለት ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ኳሱን እስከ መጨረሻው መስመር ያደረሰ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ታችዳውን ይባላል። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በእግሩ መትቶ ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው በመሠረቱ የመሬት ሙግት ነው፤ በእጅ የገባውን እየያዙ፣ ስንዝር በስንዝር ወደ ፊት መግፋት። ይህን ከያዙ የቀረውን ሕግ መጻሕፍቱ በመንገድ ላይ ያስተምሩዎታልና የሕግ መጽሐፍ ይዘው አይጀምሩ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2006 የወጣው የማይክል ሉዊስ «ዘ ብላይንድ ሳይድ» ይሁን። መጽሐፉ የሚከፈተው ጥቂት ሰከንዶች ብቻ በፈጀ አንድ ሙከራ ነው፤ ኅዳር 1985 ሎውረንስ ቴይለር የተባለው የኒውዮርክ ጃየንትስ ተጫዋች የዋሽንግተንን ኳርተርባክ (ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውን ወይም ለሌላ የሚሰጠውን ተጫዋች) ጆ ታይስማንን ጥሎ እግሩን የሰበረበት ሙከራ። ደራሲው ከዚያ ተነሥቶ የብዙ ተመልካች ዓይን የማያርፍበት አንድ ሠራተኛ፣ በግራ ጠርዝ የሚቆመው ታክል፣ እንዴት በቡድኑ ውስጥ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው አንዱ ለመሆን እንደበቃ ያስረዳል።

ይህን ምዕራፍ ለአንድ የፔዳ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ) ተማሪ ያስረዳሁት በጣና ዳር ከሚገኙት ዓሣ ቤቶች በአንዱ፣ ገና ባልተነሣ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አሥራ አንድ የቢራ ቆርኪ ለአንዱ ወገን፣ አሥራ አንድ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ለሌላው ደረደርን፤ ኳሷ አንዲት የቡና ፍሬ ሆነች። አምስት የቢራ ቆርኪዎች ጎን ለጎን ተሰለፉ፤ መሐል ላይ ሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ሁለቱ ጋርዶች፣ በጠርዙ ሁለቱ ታክሎች። ሴንተሩ የቡናዋን ፍሬ ከኋላው ለቆመው ኳርተርባክ አቀበለ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ሰውነቱን ወደ ቀኝ ስለሚያዞር በግራው በኩል የሚመጣበትን አያይም። ተማሪው አንዱን የአምቦ ቆርኪ በግራው ጠርዝ አዙሮ እየገፋ መጣና ኳርተርባኩን ከጠረጴዛው ላይ ጣለው። ከዚያ በኋላ የመጽሐፉን ርዕስ ትርጉም ማስረዳት አላስፈለገኝም። እርስዎም ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ቆርኪ ከአጠገብዎ አይጥፋ።

የዚሁ መጽሐፍ ሌላኛው ግማሽ ማይክል ኦር የተባለ፣ በኋላ ታክል የሆነ ድኻ ልጅ በሜምፊስ ከአንድ ሀብታም ቤተሰብ ጋር የኖረበትን ታሪክ ይተርካል። ይህን ክፍል በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ኦር ራሱ በ2023 ቤተሰቡ እንደተባለው በጉዲፈቻ እንዳልወሰደው ገልጾ በቴነሲ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርቧል። አንድ ሕይወት ባለቤቱ ሲተርከውና ሌላ ሰው ሲተርክለት እኩል አይደለም፤ ስለዚህ የጨዋታውን ትምህርት ከመጽሐፉ ይውሰዱ፣ የቤተሰቡን ታሪክ ግን የተዘጋ ነገር አድርገው አይቀበሉት።

ሁለተኛው በ1968 የታተመው የጄሪ ክሬመር «ኢንስታንት ሪፕሌይ» ነው። ክሬመር የግሪን ቤይ ፓከርስ ጋርድ ነበር፤ የ1967ን የውድድር ዘመን ውሎውን በቴፕ እየቀዳ፣ ጋዜጠኛው ዲክ ሻፕ ወደ መጽሐፍ አቀናጀለት። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ኳስ የመያዝ ዕድል የሌለው ሰው የልምምዱን ሕመም፣ የአሠልጣኙን የቪንስ ሎምባርዲን ቁጣና ከዚያ ቁጣ ሥር ያለውን ፍቅር በራሱ አንደበት ሲናገር የሚሰማበት ነው። በታኅሣሥ 31 ቀን 1967 ከዳላስ ጋር የተደረገው ጨዋታ ላይ ሲደርሱ ቀስ ብለው ያንብቡ። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ የእኛን የሐይቅ ዳር ሙቀት ለለመደ ሰው ይህ ለማሰብም ይከብዳል። 16 ሰከንድ ሲቀር ኳሱ ከመስመሩ አንድ ያርድ እንኳ አይርቅም ነበር፤ ክሬመርና የቡድኑ ሴንተር ከፊታቸው የቆመውን ተከላካይ ገፍተው በከፈቱት ቀዳዳ ኳርተርባኩ ባርት ስታር ገባ፤ ግሪን ቤይም 21 ለ17 አሸነፈ። በመዝገብ ላይ ነጥቡ የስታር ነው። መጽሐፉ የቀዳዳው ነው።

እነዚህን ሁለቱን ከጨረሱ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት የፓት ኪርዋንን «ቴክ ዩር አይ ኦፍ ዘ ቦል» አይክፈቱ፤ በ2010 የወጣ መጽሐፍ ሲሆን ርዕሱ «ዓይንህን ከኳሱ ላይ አንሣ» እንደ ማለት ነው። አሰላለፍን፣ የተጫዋች ምርጫንና የአሠልጣኞችን የሳምንት ሥራ የሚያስረዳ በመሆኑ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሰውን ሳያውቁ ሲጀምሩት ግን ይደርቃል። ቃላቱን በደብተር እየመዘገቡ፣ በቀን ጥቂት ገጽ ቢሄዱ ይበቃል።

ጨዋታው ለአንድ ከተማ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ በ1990 የታተመውን የኤች ጂ ቢሲንገርን «ፍራይደይ ናይት ላይትስ» ያንብብ። ጋዜጠኛው ቤተሰቡን ይዞ ኦዴሳ ወደምትባል የቴክሳስ የነዳጅ ከተማ ሄዶ የ1988ን ዓመት ከፐርሚያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ጋር አሳለፈ። ቡቢ ማይልስ የተባለው ባለ ተስፋ ልጅ ገና ውድድሩ ሳይጀመር ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ትናንት ስሙን ሲጠሩ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩበት የሚያሳየውን ክፍል አንብቤ መጽሐፉን ለሁለት ቀን አስቀምጬዋለሁ። እንግሊዝኛው ከሉዊስ ይልቅ ከበድ ይላል፤ ቢሆንም የተማሪ ወላጅ ወይም መምህር ለሆነ ሰው ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ይህ ቢሆን አልቃወምም።

ታሪክ ለሚወድ ሰው ደግሞ የሳሊ ጄንኪንስ «ዘ ሪል ኦል አሜሪካንስ» አለለት፤ በ2007 የወጣ ነው። በፔንሲልቫኒያ የነበረው የካርላይል ትምህርት ቤት የአገሬው ተወላጅ ልጆችን ከወገናቸው ለይቶ ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ለማስጣል በ1879 የተከፈተ ነበር። እነዚያው ልጆች በአካል ከእነርሱ የሚገዝፉትን የታላላቅ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በፍጥነትና በብልሃት ማሸነፍ ቻሉ፤ ኳስን ወደ ፊት መወርወር በ1906 ሲፈቀድ በአዲሱ ሕግ ቀድመው ከተራቀቁት መካከል ናቸው። በ1912 ጂም ቶርፕ የተሰለፈበት ቡድናቸው የአሜሪካን የጦር አካዳሚ ቡድን 27 ለ6 ሲረታ ከተሸናፊዎቹ አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ድዋይት አይዘንሃወር ነበር።

በመጨረሻ፣ ጨዋታውን ከወደዱት በኋላ፣ የወንድማማቾቹን የማርክ ፋይናሩ ዋዳንና የስቲቭ ፋይናሩን «ሊግ ኦፍ ዲናያል» ያንብቡ፤ በ2013 የታተመ ነው። ለፒትስበርግ 4 ሻምፒዮና ያነሣው ሴንተር ማይክ ዌብስተር አእምሮው ታውኮ በ50 ዓመቱ በ2002 ሲሞት፣ አንጎሉን የመረመረው ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነበር። ኦማሉ ያገኘው ጉዳት በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣ ነው፤ ግኝቱን በ2005 ሲያሳትም የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። አፍሪካዊ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲያነብ ልቡ እንደሚነካ አውቃለሁ፤ ሆኖም ከሐኪሙ ባልተናነሰ ዌብስተርን ልብ ይበሉት። በቆርኪዎቻችን መሐል ላይ ያስቀመጥነው፣ የቡናዋን ፍሬ ያቀበለው ሰው እርሱ ነው፤ ግጭቱ በየሙከራው የሚጀምረው ከእርሱ ላይ ነው።

ከእነዚህ ውጪ ሌላ መጽሐፍ ሲያጋጥምዎ፣ ከመግዛትዎ በፊት መሐሉን ከፍተው በመስመሩ ላይ የሚሠሩት አምስቱ ሰዎች በስም መነሣታቸውን ይመልከቱ፤ ኳርተርባክ ብቻ ከሆነ የሚያወራው ይለፉት። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ያገለገለ፣ ባለ ስስ ሽፋን ቅጂ እንዲያመጣልዎ ይንገሩት፤ ለሻንጣም ለኪስም ይቀላል። በስልክ የሚያነቡ ከሆነ መብራት ሳይጠፋ አስቀድመው ያውርዱት።

ከዚያ አንድ ጨዋታ ይመልከቱ። የእሑድ ቀደምት ጨዋታዎች ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ማለቂያ አካባቢ በእኛ ሰዓት ማታ 2 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 3 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ሩብ ኳሱን ይተዉትና የአንዱን ቡድን የግራ ታክል ብቻ ይከተሉ፤ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው እግሩ የትኛው እንደሆነ፣ እጆቹን የት እንደሚያሳርፍ፣ ባላጋራው ሲያልፈው ከኋላው ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። በማግሥቱ የሉዊስን የመጀመሪያ ምዕራፍ እንደገና ይክፈቱት።